ተመላልሶ የሚመጣው ኮሌራና የሰበካ ጉባኤያት ድርሻ

(በጭሮ ከተማ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ ተወካዮች ከቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት እንዲመች በጥቂቱ ያጠረ)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በእናንተ በአባቶች ፊት እኔ ዲያቆኑ ቆሜ እንድናገር ስለተፈቀደልኝ አስቀድሜ አመሰግናለሁ። የመጣሁት ለማስተማር አይደለም። በሥራዬ ምክንያት ከውኃ ጉድጓድ ወደ ጤና ኬላ፣ ከጤና ኬላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ስመላለስ የሰማሁትን ክርክር በፊታችሁ አቅርቤ አብረን እንድንመዝነው ነው። ክርክሩ በአጭሩ ይህ ነው፤ ኮሌራ በተመለሰ ጊዜ ታማሚውን ማን ይቁጠር? ወሬውን ማን ይናገር? የተነገረውስ ነገር ሕዝቡን ይጠብቀዋል ወይስ ይጎዳዋል?

ጥያቄው ለእኛ ከሌላው ይልቅ ይቀርበናል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሐምሌ 19 ቀን ለቅዱስ ገብርኤል በዓል ወደ ቁልቢ የሚሄደው ምእመን ቦርዶዴን፣ አሰቦትንና ሜኢሶን አልፎ፣ ዳገቱን ወጥቶ በዚህች በአሰበ ተፈሪ በኩል ወደ ሒርና ያልፋል። ከእኛ ምግብ ይበላል፤ ከእኛ ውኃ ይጠጣል፤ በቅጽራችን ያድራል። በዓሉ የሚውለው ጎርፍ ከየሜዳው ያጠበውን ሁሉ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ በሚያወርድበት ወር ነው። በዓሉ ባለፈ በጥቂት ቀን ውስጥ ደግሞ ጾመ ፍልሰታ ይገባል፤ ሕዝቡም በየአብያተ ክርስቲያናቱ ይሰበሰባል። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ወረርሽኙ ከገባ በኋላ ሳይሆን ዛሬ በሰላሙ ቀን ልንነጋገርበት ይገባል።

፩. በሽታው ለምን ይመለሳል?

ዛሬ በዓለም የሚዘዋወረው ኮሌራ ሰባተኛው የዓለም ወረርሽኝ ይባላል። የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1961 በኢንዶኔዥያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 አፍሪካ ገብቶ በዚያው ዓመት አገራችንም ደርሷል። ከዚያ ወዲህ አልተቋረጠም፤ አንድ ጊዜ ይቀንሳል፣ አንድ ጊዜ ያገረሻል። ከዚያ በፊትም ቢሆን አባቶቻችን አያውቁትም ነበር ማለት አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ደጋግሞ አገራችንን መትቷል፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን መጨረሻ ገደማ በንጉሡ ሰፈር ገብቶ ብዙ ሰው መፍጀቱን የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል።

በቅርቡ ዘመን በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. በነበረው ወረርሽኝ ከኦሮሚያ የተጠቁት ዞኖች አንዱ የእኛው ምዕራብ ሐረርጌ ነበር። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ደግሞ በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የተነሣው ወረርሽኝ ወደ ሶማሌ፣ ወደ ሲዳማ፣ ወደ ደቡብ፣ ወደ አማራና ወደ ምሥራቁ የአገራችን ክፍል ተዛምቶ፣ በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የታማሚው ቁጥር ከ30,000 በላይ ደርሶ ነበር።

የሚመለስበት ምክንያት ምስጢር አይደለም። ተሕዋሲው ከታማሚው ዓይነ ምድር ወጥቶ በውኃና በምግብ ወደ ጤነኛው ሰው አፍ ይገባል። ከገባበት ሰዓት አንሥቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ቢዘገይ በአምስት ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ሕመሙ ይገለጣል። ብዙው ሰው ግን ተሕዋሲውን ይዞ ሳለ ሕመም አይሰማውም፤ ወይም እንደ ተራ ተቅማጥ ቆጥሮት ያልፋል። መንገደኛው ጤነኛ መስሎት ይሄዳል፤ በሽታውም አብሮት ይሄዳል። በብርቱ የታመመው ደግሞ የሰውነቱ ውኃ አልቆ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ያልታከሙ ጽኑ ሕሙማን እስከ ግማሽ ድረስ ይሞታሉ፤ በጊዜ ከታከሙ ግን ከ100 ታማሚ አንድ እንኳ ሊሞት አይገባም። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ፈጥኖ ማወቅና ፈጥኖ መድረስ ብቻ ነው። የመቁጠር ክርክር የሕይወትና የሞት ክርክር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

፪. ስሙን ስለ መጥራት

ለብዙ ዓመታት በአገራችን ይህ በሽታ በስሙ አይጠራም ነበር። «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ተባለ፤ በአጭሩ «አተት»። በ2009 ዓ.ም. ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ለዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተርነት ሲወዳደሩ ይህ የስም ጉዳይ የዓለም ጋዜጦች መከራከሪያ እስከ መሆን ደርሶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ግን የጤና ባለሥልጣናቱ በሽታው ኮሌራ መሆኑን በይፋ ተናገሩ።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 ጊኒ ኮሌራ መግባቱን ለማሳወቅ ባልፈቀደች ጊዜ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ለዓለም አሳውቋል። መንግሥታት ስሙን የሚፈሩበት ምክንያትም ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ የአውሮፓ ኅብረት በኮሌራ ምክንያት ከኬንያ፣ ከታንዛኒያ፣ ከኡጋንዳና ከሞዛምቢክ የሚመጣ ትኩስ ዓሣ እንዳይገባ አግዶ ነበር።

በእኛም ከተሞች ይህ ፍርሃት አለ። የጫት ነጋዴው «ቅጠሉ ጥሬውን የሚላመጥ ነው፤ ኮሌራ ከተባለ ማን ይገዛናል?» ይላል። ምግብ ቤት ያለው «አውቶቡሱ ሳይቆም ያልፋል» ይላል። የቀበሌው ሰው «ሪፖርት ባደርግ ሥራህን አልሠራህም ተብዬ እጠየቃለሁ» ብሎ ይሰጋል። እነዚህን ሰዎች ልንወቅሳቸው አይገባም፤ የሚናገሩት ስለ ልጆቻቸው እንጀራ ነው።

መልሳችን ግን ይህ ሊሆን ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በኮሌራ ምክንያት የንግድም ሆነ የመንገድ እገዳ እንዲደረግ አይመክርም፤ እገዳ በሽታውን እንደማያቆመው ታውቋልና። በሽታውን የሚያቆመው ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የታጠበ እጅና ፈጥኖ የደረሰ ሕክምና ነው። መንገድ ወደ መዝጋት የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ በሽታው ተደብቆ ከሰነበተ በኋላ በአንድ ቀን ሲፈነዳ የሚነሣው ድንጋጤ ነው። በመጀመሪያው ቀን የታወቀ በሽታ በአንድ ሰፈር ይወሰናል፤ በሁለተኛው ሳምንት የታወቀ ግን ገበያውን ሁሉ ይነካል። ስለዚህ በዐውደ ምሕረት ስንናገር በስሙ እንጥራው። «አተት» የሚለውን የለመደ እናት እንዳትደናገር ሁለቱንም ስም እንጥራ፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም እንናገር።

፫. ስለ መቁጠርና ስለ ምስጢር

ሁለተኛው ክርክር ከዚህ ይጠልቃል። አንዳንድ ሰው «የታመመ ሰው ስም ተጽፎ ወደ መንግሥት ቢሮ መሄዱ ተገቢ ነውን?» ብሎ ይጠይቃል። በኮሮና ጊዜ ያየነው ገና ከአእምሯችን አልጠፋም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ ከታወቀ በኋላ ንክኪ ያላቸውን ሰዎች መፈለግ ተጀመረ፤ ብዙ ሰው ወደ ለይቶ ማቆያ እንዳይወሰድ ፈርቶ ወደ 8335 ከመደወል ተቆጠበ። የዚያ ዓመት ትንሣኤ በየቤታችን ዋለ። በሽታው በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ከፊተኛው በረታ ኃይል በተመለሰ ጊዜ ግን ሕዝቡ ሰልችቶ ነበር፤ የሚሰማም ጥቂት ነበር። ከዚህ የምንማረው ነገር መከታተል ሰዎች ሲያምኑት ብቻ የሚሠራ መሆኑን ነው።

ኮሌራ ከኮሮና የሚከፋበት አንድ ነገር አለው፤ እርሱም ኀፍረት ነው። በሽታው ከዓይነ ምድር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቤተሰቡ «ንጽሕና የጎደለው» መባልን ይፈራል። በጨለማ የታመመውን በጨለማ ይቀብረዋል እንጂ መናገር አይወድም።

እዚህ ላይ ለአባቶች ካህናት ሁለት ምሳሌዎችን ላስታውስ። የመጀመሪያው ከኦሪት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 በቆዳው ላይ ምልክት የታየበት ሰው የሚመጣው ወደ ካህኑ ነበር። ካህኑ ያየዋል፣ ሰባት ቀን ይለየዋል፣ ተመልሶም ያየዋል፤ ንጹሕ ሆኖ ሲያገኘውም ወደ ማኅበሩ ይመልሰዋል። ካህኑ የሚለየው በመጨረሻ ሊመልሰው ነው፤ የመለየቱ ሥራ ከመመለሱ ሥራ አልተነጠለም።

ሁለተኛው ከእንግሊዝ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ከተማ በአንድ ሰፈር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ600 በላይ ሰው በኮሌራ ሞተ። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም በሽታው የመጣው በብሮድ ጎዳና ካለው የውኃ ቧንቧ ነው ብሎ የቧንቧው እጀታ እንዲነቀል አደረገ። ብዙዎች አላመኑትም። ካላመኑት አንዱ በዚያው ሰፈር የሚያገለግለው ወጣት ቄስ ሄንሪ ዋይትሄድ ነበር። ቄሱ ሐኪሙ መሳሳቱን ለማሳየት ብሎ ቤት ለቤት እየዞረ የሞተውንና የተረፈውን፣ ከቧንቧው የጠጣውንና ያልጠጣውን ጠየቀ። ቤተሰቦቹን ሁሉ ያውቃቸው ነበርና በር አልተዘጋበትም። ጠይቆ ሲጨርስ ሐኪሙ እውነተኛ ሆኖ አገኘው። ከዚህም በላይ ከጉድጓዱ አጠገብ በነበረ ቤት አስቀድማ የታመመች ሕፃን እንደነበረችና የጨርቋ እጣቢ ወደ ጉድጓዱ በሚያሰርግ ቦታ ይፈስ እንደነበር ደረሰበት። ሐኪሙ ካርታ ነበረው፤ ቄሱ ደግሞ የሰዎቹ እምነት ነበረው። አንዱ ያለ ሌላው ሥራውን ባልፈጸመ ነበር።

በእኛ ዘንድ የንስሐ አባት ከማንም በላይ ቤተሰቡን ያውቃል። ነገር ግን ከዚህ ጋር አንድ ጽኑ ገደብ አለ፤ በንስሐ የተነገረ ነገር በምንም ምክንያት አይወጣም። በሽታም ቢሆን፣ መንግሥትም ቢጠይቅ አይወጣም። ይህን አስቀድመን ለሕዝቡም ለጤና ባለሙያውም በግልጽ ካልተናገርን ሰው ከንስሐም ከሕክምናም ይሸሻል። ካህኑ የሚያሳውቀው ለጥየቃ በገባበት ቤት በዓይኑ ያየውን፣ ቤተሰቡም እንዲያሳውቅ የፈቀደለትን ነው። ፈቃድ ለማግኘት የሚያስፈልገው ጥቂት ቃል ነው፤ «ልጄ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልንገራት? መድኃኒቱን ይዛ ትምጣልሽ» ማለት ይበቃል። በንስሐ የሰማው ከሆነም ተነሳሒው ራሱ እንዲናገር ይመክረዋል፤ እስከ ጤና ኬላው ድረስም አብሮት ይሄዳል።

በአገራችን የጤና አደጋዎች ቁጥጥር መመሪያ ኮሌራ ወዲያውኑ ከሚነገሩ በሽታዎች አንዱ ነው። የተጠረጠረ ታማሚ ከታየበት እስከ 30 ደቂቃ ድረስ ወሬው ወደሚቀጥለው እርከን መድረስ አለበት። መዝገቡ የሚፈልገው ብዙ አይደለም፤ ዕድሜ፣ ሰፈር፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ ቤተሰቡ የሚጠጣው ውኃ የተቀዳበት ቦታ። ዋናው የመጨረሻው ነው። ሦስት ታማሚ ከአንድ ምንጭ ጠጥቶ ከተገኘ መድኃኒት መጨመር ያለበት የት እንደሆነ ታወቀ ማለት ነው። ከታማሚው ቤት እስከ 100 ሜትር ድረስ ያሉ ጎረቤቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሌላው ይልቅ ለበሽታው የተጋለጡ ስለሆኑ፣ ክሎሪኑና ሳሙናው አስቀድሞ ለእነርሱ ይደርሳል። እንግዲህ መቆጠር ለዚህ ቤት የሚያመጣው ቅጣት ሳይሆን ውኃ ማከሚያ ነው። ይህን ማሳየት የእኛ የሁላችን ድርሻ ነው። ስም በዐውደ ምሕረት አይጠራ፤ የታማሚው ዝርዝር በሰበካ ጉባኤው ማስታወቂያ ሰሌዳ አይለጠፍ።

፬. ስለ ጸበልና ስለ በዓላት

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምዕራብ ጎንደር ዞን ቋራ ወረዳ በሚገኘው በበርሚል ጊዮርጊስ ጸበል ከተሰበሰበው ብዙ ሕዝብ መካከል ኮሌራ ታየ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ወረዳዎች ተዛመተ። በዚህ ጊዜ ሁለት ወገን ተነሣ። አንዱ «ጸበሉ ይዘጋ» አለ። ሌላው «ጸበልን በበሽታ ምንጭነት መጥራት ድፍረት ነው» አለ።

እኔ ሁለቱም ወገኖች ጥያቄውን ያለ ቦታው ያኖሩት ይመስለኛል። በጸበል የምናገኘው ፈውስ የእምነታችን ነገር ነው፤ በጤና ቢሮ የሚዳኝ አይደለም። ነገር ግን ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ሜዳ ለሳምንታት ሲሰፍር የት ይጸዳዳል? የሚጠጣውን ከየት ይቀዳል? ይህ ጥያቄ የእምነት ጥያቄ አይደለም፤ የአስተዳደር ጥያቄ ነው፤ የሚመልሰውም ሰበካ ጉባኤው ነው። በኦሪት ዘዳግም እስራኤል ከሰፈራቸው ውጭ ቆፍረው እንዲጸዳዱና እንዲሸፍኑት የታዘዙት እግዚአብሔር በሰፈራቸው መካከል ስላለ ነው። ቅዱሱን ስፍራ የምናከብረው ሜዳውንም በማጽዳት ነው።

መለኪያውም የታወቀ ነው። በአስቸኳይ ጊዜ ቢያንስ ለ50 ሰው አንድ መጸዳጃ ያስፈልጋል፤ ጉድጓዱም ከውኃ ምንጭ ከ30 ሜትር ያላነሰ ይርቃል፤ በቁልቁለቱም በኩል ይሆናል እንጂ ከምንጩ በላይ አይቆፈርም። የመጠጥ ውኃ ከመጠመቂያው ተለይቶ በክሎሪን ታክሞ በተከደነ ታንከር ይቀመጣል። የጋራ ጣሳ ይቀራል፤ ከማሰሮ በተነከረ ኩባያ መቅዳትም ይቀራል። ለማኅበር ጽዋና ለዝክር የሚቀርበው ጠላና ምግብም በዚሁ ጥንቃቄ ይዘጋጃል።

ለሐምሌ 19 እንግዳ የሚያሳድር አጥቢያ ሁሉ ይህን ከበዓሉ አንድ ወር በፊት መጨረስ አለበት። በሽታ ከታየና ባለሙያ አንድን ምንጭ ለጥቂት ቀን ዝጉ ካለ፣ ከተቃዋሚዎቹ ፊተኛ ሳንሆን ከተባባሪዎቹ ፊተኛ እንሁን። በዚህ ዓይነት ከተባበርን በዓሉ እንዳለ እንዲቀር ለመጠየቅ ምክንያት አይኖርም። በዚህ ዞን ከሙስሊም ወገኖቻችን ጋር ከአንድ ምንጭ እንቀዳለንና ከመስጊዱ ኮሚቴ ጋር አንድ ላይ ማቀድም የግድ ነው። መስጊዱ ክሎሪን ጨምሮ እኛ ካልጨመርን፣ እኛም ጨምረን እርሱ ካልጨመረ ልፋቱ ከንቱ ነው።

፭. ስለ ታመመውና ስለ ሞተው

ካህኑ ብቻ ሊናገረው የሚችል አንድ ቃል አለ። በፍልሰታ የታመመ ሰው «ጾም ላይ ነኝ» ብሎ የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ውሕዱን አልጠጣም ቢል፣ የጤና ባለሙያዋ ብትለምነው ላይሰማት ይችላል። የታመመ ሰው ከጾም ግዴታ ነጻ መሆኑን የቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ያውቃል። ይህን የንስሐ አባቱ ቢነግረው ይጠጣል፤ ቢጠጣም ይድናል። ስለዚህ ከጾሙ መግቢያ በፊት በየቅዳሴው መጨረሻ ይነገር። ውሕዱ በእጅ ከሌለ በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ልክ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ እየተጠጣ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ነው።

ጸበልንና መድኃኒትን የሚያጣላ ትምህርትም የአባቶች ትምህርት አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ታማሚዎች የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ አስተምረዋል። ያ ቃል ብዙ ነፍስ አድኗል። ለኮሌራም ያው ቃል ይሠራል፤ ልዩነቱ እዚህ ያለን ጊዜ ዓመታት ሳይሆን ሰዓታት መሆኑ ብቻ ነው።

የሞተውንም በክብር እንሸኘዋለን። ፍትሐቱ አይቀርም። ነገር ግን የኮሌራ ሬሳ ተሕዋሲውን ይዞ ስለሚቆይ የሚገንዙት ጥቂቶች፣ ጓንት ያደረጉና በክሎሪን የሚታጠቡ ይሁኑ፤ የገነዘ እጅ ምግብ አያቅርብ። የለቅሶው ምግብና መጠጥ ለሌላ ቀን ይተላለፍ። ይህን አስቀድሞ ከእድሩ ጋር መስማማት ይገባል፤ በሐዘን ቀን አዲስ ሥርዓት ማስተማር አይቻልምና።

፮. ከዛሬ ጀምሮ

የኅዳር በሽታ በ1911 ዓ.ም. አገራችንን ከመታ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየጠረግን እናቃጥላለን፤ ምክንያቱን ብዙዎቻችን ብንረሳውም ልማዱ አልጠፋም። ይህ የሚያሳየን ሕዝባችን በሽታን በጋራ ሥራ ማስታወስ እንደሚችል ነው። አገራችን ኮሌራን ለማጥፋት እስከ እ.ኤ.አ. 2028 የሚዘልቅ ዕቅድ አውጥታለች። የክትባቱ ነገር ግን አያስተማምንም። በእጥረት ምክንያት ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. አንሥቶ በወረርሽኝ ጊዜ ከሁለት ይልቅ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ ተወስኖ ነበር። ክትባቱ ሲመጣ እንቀበለው፤ እስኪመጣ ግን በቅጽራችን ያለውን ሥራ አናቁም።

ስለዚህ ከየአጥቢያው አራት ነገር ብቻ እንለምናለን። አንደኛ፣ ከሰበካ ጉባኤው አንድ ሰው፣ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ አንድ ሰው ተመርጠው ከቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ስልክ ይለዋወጡ፤ ማን ለማን እንደሚደውል ዛሬ ይታወቅ። ሁለተኛ፣ የቅጽሩና የአካባቢው የውኃ ምንጮች በአንድ ወረቀት ላይ ይሳሉ፤ ማን ከየት እንደሚቀዳ ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ከክረምቱ በፊት መጸዳጃ ይቆፈር፤ ሳሙናና ውኃ ማከሚያ ይገዛ፤ ወጪውም ከዓመታዊው በጀት ላይ በግልጽ ይያዝ። አራተኛ፣ የንስሐ አባቶች በምስጢርና በማሳወቅ መካከል ያለውን ገደብ ለየልጆቻቸው ይንገሩ።

መልካም እረኛ በጎቹን የሚቆጥረው ሊሸጣቸው አይደለም፤ የጎደለችውን ሊፈልግ ነው። ከ99ኙ ተለይታ የጠፋችውን አንዲት ያወቀው ቆጥሮ ስለነበረ ነው። እኛም በዚህ ክረምት እንቁጠር፤ የቆጠርነውን በአደራ እንጠብቅ፤ የጎደለውንም በጊዜ እንፈልግ።

የአባቶቻችን ጸሎት አይለየን። ክረምቱን የበረከትና የጤና ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።